ስሜን ላይ በረዶ አለ ወይስ የለም? ከአዱሊስ ድንጋይ እስከ ሳተላይት

የዛሬው ረዘም ያለ ነው። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብበው፣ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት። ዓ.ም ካልኩ የእኛ አቆጣጠር ነው፣ እ.ኤ.አ. ካልኩ የፈረንጁ።

በየጊዜው አንድ ፎቶ በዚህ ሰፈር ይዞራል። ራስ ደጀን ወይ ቧሂት ነጭ ለብሶ። ከሥሩ ያለው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው። አንዱ "ፎቶሾፕ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ምን በረዶ አለ" ይላል። ሌላው "እንዴ! በአያቶቻችን ዘመን ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ በረዶ ነበረ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ያቀለጠው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ይሄማ ተራ የክረምት በረዶ ነው፣ እኛም ወረታ ላይ ይወርድብናል" ብሎ ይገባል። ተማሪዎቼም ይሄንኑ ይዘው ክፍል ይመጣሉ። "ቲቸር፣ የማን ነው ልክ?"

የታሪክ መምህር ነኝና ከታሪኩ ልጀምር። ይህን ክርክር ፌስቡክ የፈጠረው እንዳይመስላችሁ። ነገሥታትም፣ ነጋዴዎችም፣ ስኮትላንዳዊ መንገደኛም ገብተውበታል።

መጀመሪያ ግን የቃሉን ነገር እንጨርስ፣ ግማሹ ጠብ የሚነሳው ከሱ ነው። በአማርኛ "በረዶ" የማንለው ምን አለ? ክረምት ላይ ከዝናብ ጋር እየወረደ ሰብል የሚደበድበው ድንጋይ መሳዩ በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የረጋው ውኃ በረዶ ነው። አውሮፓ ላይ እንደ ጥጥ እየተነነ የሚወርደውም በረዶ ነው። ሺህ ዓመት ረግቶ ሸለቆ የሞላውን ደግሞ "የበረዶ ግግር" እንለዋለን። አራት የተለያየ ነገር፣ አንድ ስም! ግዕዝ በዚህ ይሻላል። ዳዊት የደገመ ሰው በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ የሚሉትን ቃላት ያውቃቸዋል። በረድ ድብደባው ነው፣ ሐመዳ እንደ ባዘቶ የሚወርደው ነው፣ አስሐትያ ውርጩ ነው። አማርኛችንም "አመዳይ" የምትል ቃል አለችው፣ ግን ማን ይጠቀምባታል? እኔ ከዚህ በኋላ ቀስ ብሎ እንደ ላባ ለሚወርደው "አመዳይ"፣ ለረጋው "ግግር"፣ ለሚደበድበው "በረዶ" እያልኩ እጽፋለሁ። ይህን ብቻ ብናደርግ ከፎቶው ሥር ያለው ጠብ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ አዱሊስ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲሰናዳ፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። እዚያ አንድ የእብነ በረድ ዙፋን ቆሞ ነበር፣ በግሪክ የተጻፈበት። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክለት ለአዱሊስ ገዢ አዘዘ፣ ገዢው ሥራውን ለኮስማስ ሰጠ። ኮስማስ አንዱን ቅጂ ለራሱ አስቀረ፣ ኋላም በመጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ዙፋኑ ዛሬ የለም። ጽሑፉ የተረፈው በዚህ ሰው ብቻ ነው። (ኮስማስ መሬት ጠፍጣፋ ናት ብሎ የሚከራከር ሰው እንደነበረም ልብ በሉ። ጂኦግራፊው ባያምርም መገልበጡን ገልብጦልናል።)

ዙፋኑን ያቆመው ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ነው። ብዙ ሊቃውንት 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ያደርጉታል። ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ሲዘረዝር ስሜኖች ላይ ይደርሳል። ከወንዙ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግር ተራራ ላይ የሚኖሩ፣ አገራቸው በረዶና ውርጭ የማይለየው፣ አመዳዩ ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጠው እያለ ይገልጻቸዋል። ወንዙ ተከዜ ነው። እስከማውቀው በአገራችን ተራራ ላይ ስለወረደ አመዳይ ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ልብ በሉ፣ የጻፈው ወታደራዊ ንጉሥ ነው። ድሉን ሊያገንን የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊለካው ይችላል። ግን እስከ ጉልበት ባይሆን እስከ ቁርጭምጭሚትስ? ሠራዊቱ አንድ ነገር ረግጧል።

ከዚያ 1500 ዓመት እንዝለልና ጄምስ ብሩስን እናግኘው። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ በሊማሊሞ አድርጎ ጎንደር ገባ። በኋላም በጣና ምሥራቅ፣ በእኛው በእንፍራንዝ በኩል ወርዷል። ስሜንን ከጎኑ አልፎ የሄደ ሰው ነው። እሱ በበኩሉ በሐበሻ ተራራ አመዳይ የሚባል ነገር የለም ባይ ነው። የአዱሊሱንም ቃል አልተቀበለውም።

40 ዓመት ቆይቶ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት መጣ። ሶልት እ.ኤ.አ. በ1810 ከትግራይ በኩል እስከ ተከዜ ወርዶ የስሜንን ተራሮች ፊት ለፊት አያቸው። አናታቸው ላይ አመዳይ እንዳየ በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ ጻፈ፣ ብሩስንም ተሳስቷል አለ። ከሶልት ምስክርነት ይልቅ ለእኔ ክብደት ያለው ግን የናትናኤል ፒርስ ነው። ፒርስ መርከበኛ የነበረ፣ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረ፣ አማርኛና ትግርኛ የለመደ ሰው ነው። ስሜንን ሲያቋርጥ ወርዶበታል። የነገረውም እንዲህ ነው፦ ሳይደበድብ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ላባ ትልልቅ ሆኖ ይወርዳል። ይቺ አገላለጽ ሙሉ ክርክሩን ትፈታለች። በረዶ ቀስ ብሎ አይወርድም። በረዶ የቆርቆሮ ጣሪያ ያስጮኻል። ፒርስ ያየው አመዳይ ነው።

ታዲያ ብሩስ ዋሽቷል? አይመስለኝም። በመጣበት ወር አልወረደም፣ ወይ ወርዶ በጠዋት ፀሐይ ቀልጧል። ከላይ ያሉትን ሰዎች አልጠየቀም። ከሊማሊሞ መንገድ ላይ ሆኖ ስለ ራስ ደጀን አናት ፈረደ። የብሩስ ችግር የዓይን ችግር አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ማየትን ሁልጊዜ ከማየት ጋር አንድ ማድረጉ ነው።

ይሄ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1848 ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ሬብማን ኪሊማንጃሮን አይቶ ከምድር ወገብ አጠገብ ነጭ የለበሰ ተራራ አለ ብሎ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ጓደኛው ክራፕፍ የኬንያን ተራራ አይቶ ያንኑ አለ። ክራፕፍን እናውቀዋለን፣ ከዚያ በፊት ሸዋ ውስጥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የነበረው ነው። ለንደን የተቀመጠው ኩሊ የሚባል የጂኦግራፊ ሊቅ ግን ሁለቱንም አፌዘባቸው። ወደ መሀል አፍሪካ እግሩን ያላነሳ ሰው! ክርክሩ የተዘጋው በ1860ዎቹ መጀመሪያ ፎን ደር ዴከን ተራራውን በአካል ወጥቶ ካየ በኋላ ነው። ያየ ሰው አይታመንም፣ ያላየው ይፈርዳል። ዛሬም ኮሜንት ሥር ያለው ይኸው ነው።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ ፌሬና ጋሊኒየ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ስሜንን እየለኩ ራስ ደጀን ላይ ወጡ። የተራራው ቁመት ከዚያ ጀምሮ እየተለካ ነው። እኛ 4620 ሜትር ብለን ነበር የተማርነው፣ ዛሬ የሚታመነው ወደ 4550 ገደማ ነው። (ተራራው አላጠረም፣ መለኪያው ነው የተሻሻለው። ተማሪ ሁሉ ይጠይቀኛል።)

አሁን ሁለተኛውን ተከራካሪ እንመልከት፣ "የማይለቅ በረዶ ነበረ" የሚለውን። እውነት አለው፣ ዘመኑን ግን እጅግ ስቶታል። ስዊድናዊው ኤሪክ ኒልሰን በ1930ዎቹ፣ ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ ደግሞ በ1970ዎቹ ስሜን ላይ ሠርተዋል። ሁርኒ የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆኖ በቦታው የኖረ ሰው ነው። ያገኙት የድንጋይ ክምር ነው። ግግር ከተራራ ቁልቁል ሲንሸራተት ድንጋይና አፈር እየገፋ ይወርዳል፣ ሲቀልጥ ክምሩን እንደ ካብ ደርድሮ ጥሎት ይሄዳል። ይህ ካብ ስሜን አናት ላይ አለ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሰነቴና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ከዚህም ይበልጥ ሰፊ ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንደሚለው የባሌ ግግር እጅግ የሰፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ግግሩ ሙልጭ ብሎ ከጠፋ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ የአያቶቻችን አያቶች አላዩትም። የአክሱም ንጉሥም ያየው ወርዶ የሚቀልጠውን አመዳይ ነው፣ ግግሩን አይደለም። የራስ ደጀንን ግግር ፋብሪካና መኪና አላቀለጠውም።

ይህን ስል "የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው አለ" የሚል እንዳይመጣብኝ። እንዲያውም አሁን የምሄደው ወደዚያው ነው።

ብሩስንና ሶልትን ያጣላቸው ነገር ምን ነበር? አንዱ በአንድ ወር አየ፣ ሌላው በሌላ ወር። ያንኑ ተራራ በየሳምንቱ፣ ለ50 ዓመት፣ ሳይሰለች አይቶ የሚመዘግብ አልነበረም። ሳተላይት የመጣው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሳተላይትን ጥቅም "ከላይ ሆኖ ማየት" ይመስለዋል። ከላይ ማየትማ አውሮፕላንም ያያል። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ከአየር ሲያነሱ ከርመው ወደ 34 ሺህ የሚጠጋ ፎቶ አዲስ አበባ ካርታ ሥራዎች ውስጥ ተከምሮ ተገኝቷል። በ1950ዎቹና 60ዎቹም አሜሪካኖች ዓባይንና ሌላውን አንስተዋል። እነዚህ ወርቅ ናቸው፣ ግን አንድ ጊዜ ተነስተው የቆሙ ናቸው። የሳተላይቱ ቁም ነገር ተመላልሶ መምጣቱና መዝገቡ መቀመጡ ነው።

የመጀመሪያው የአየር ሁኔታ ሳተላይት ቲሮስ 1 የመጠቀው ሚያዝያ 1960 (እ.ኤ.አ.) ነው። ገና ከጅምሩ ካናዳ ላይ የተዘረጋውን አመዳይ አሳየ። ከ1966 ጀምሮ አሜሪካኖች የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ የአመዳይ ሽፋን በየሳምንቱ ካርታ ላይ ማስፈር ጀመሩ፣ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በዚያው ዘመን የስለላ ሳተላይቶችም ነበሩ። ኮሮና የሚባሉት ፊልማቸውን በዕቃ አሽገው በጃንጥላ ይለቁታል፣ አውሮፕላን አየር ላይ እንዳለ ይቀልበዋል። ፊልም የሚመስል ነገር ነው፣ ግን ሆኗል። የሶቪየትን ሚሳይል ሊያዩ ያነሱት ፎቶ ሂማላያንም ይዞ ነበር። ምስጢርነቱ ከተነሳ በኋላ ተመራማሪዎች ከነሱ ተከታይ የሆነውን የሄክሳጎንን ፊልም ከኋለኛው ምስል ጋር አስተያዩት። 650 የሂማላያ ግግሮችን መዝነው፣ ከ2000 ወዲህ ያለው መቅለጥ ከ1975 እስከ 2000 ከነበረው እጥፍ ሆኖ አገኙት። ሰላዩ ሳያውቅ የታሪክ ጸሐፊ ሆነ።

ለሕዝብ የታሰበው ላንድሳት 1 ሐምሌ 1972 (እ.ኤ.አ.) ተመጠቀ። በ18 ቀን አንዴ ወደዚያው ቦታ ይመለስ ነበር። አንዱ ነጥብ ወደ 80 ሜትር ነው፣ አንድ ትልቅ ማሳ እንደማለት። ተከታዮቹ እስከ ላንድሳት 9 ደርሰዋል። አንድ ምስል በመቶዎች ዶላር ይሸጥ የነበረው በ2008 ነፃ ሲሆን ነው እንደኔ ያለ ዲፕሎማ የያዘ የገጠር ከተማ መምህር ከፍቶ ማየት የቻለው። አውሮፓውያን በ2015 ያመጠቁት ሴንቲኔል 2 ደግሞ በ10 ሜትር ያያል፣ መንታው ሲጨመር በ5 ቀን ይመለሳል። ይሄም ነፃ ነው።

አመዳዩን እንዴት ይለየዋል? ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ጉም ውስጥ ቢቆም በዓይናችሁ ትለዩታላችሁ? ከላይ ሲታይ አመዳይም ነጭ ነው፣ ደመናም ነጭ ነው። ሳተላይቱ ግን ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ጭምር ያያል። በአጭር ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲታይ ደመናው እንደነጣ ይቀራል፣ አመዳዩ ግን ይጠቁራል፣ ምክንያቱም ያንን ብርሃን ይውጠዋል። ስለዚህ የአረንጓዴውን ብርሃን ልክ ይወስዳሉ፣ ከዚያ ላይ የኢንፍራሬዱን ይቀንሳሉ፣ ለሁለቱ ድምር ያካፍላሉ። መልሱ ከ0.4 ከበለጠ አብዛኛውን ጊዜ አመዳይ ነው። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። በ1999 መጨረሻ የመጠቀው ቴራ ሳተላይት ሞዲስ በሚባል መሣሪያው በዚህ ስሌት የዓለምን አመዳይ በየቀኑ ይመዘግባል።

በዚያው ቴራ ላይ ያለ የጃፓን ካሜራ ደግሞ አንድን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ ያነሳና ከፍታውን ይሰጣል። እኛ በሁለት ዓይን ርቀት እንደምንገምተው ማለት ነው። ከነዚህ ምስሎች በመነሣት በ2021 የወጣ ጥናት በዓለም ያሉትን ከ200 ሺህ በላይ ግግሮች መዘነ። ከ2000 እስከ 2019 በየዓመቱ በአማካይ 267 ቢሊዮን ቶን በረዶ ጠፍቷል። ወደኛ ስንቀርብ፣ ኪሊማንጃሮ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ግግር ነበረው፣ በ2000 ከዚያ 80 በመቶው አልነበረም። ዛሬ የኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና የርዌንዞሪ ግግር አንድ ላይ ቢደመር 2 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የመላ አፍሪካ ግግር ተሰብስቦ አንድ የፎገራ ቀበሌ አይሸፍንም! ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ዘገባ የኪሊማንጃሮና የኬንያው እስከ 2050 ባለው ጊዜ ያልቃሉ ብሏል። ሬብማን አየሁ ብሎ ያፌዙበትን ነገር የልጅ ልጆቻችን "ነበረ" ሲባል አያምኑም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር ልናገር። መዝገብ መኖሩ ብቻውን ማንንም አያድንም። ላንድሳት 1 ሥራ ሲጀምር በእኛ 1964 ዓ.ም ማብቂያ ነበር። የወሎ ረሀብ የዚያው ሰሞን ነው። ሰማይ ላይ ማሽኑ ነበረ፣ መሬት ላይ ሰው እየረገፈ ነበር፣ ነገሩ ለዓለም የተገለጠው ግን በጥቅምት 1966 በዲምብልቢ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። የዕፅዋትን አረንጓዴነት ከሳተላይት እያዩ ረሀብን አስቀድሞ የሚጠቁም ሥርዓት የተቋቋመው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ምስል ያለ አንባቢ የተዘጋ መጽሐፍ ነው። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የራሷን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ስታስወነጭፍ ደስ ያለኝን ያህል "ማን ያነበዋል?" የሚለው አሳስቦኛል።

ወደ ስሜን ልመለስ። ሳተላይቱ የብሩስንና የሶልትን ነገር ፈታልን? በከፊል። ግግር እንደሌለ ያለ ጥርጥር ያሳያል። አመዳዩ ግን አስቸጋሪ ነው። የሚወርደው ደመና ባለበት ቀን ነው፣ ደመናው እስኪገለጥ ደግሞ ፀሐይዋ ጨርሳዋለች። ሌሊት ወርዶ ረፋድ ላይ የሚቀልጥ ነገር በ5 ቀን አንዴ ለሚመጣ ሳተላይት የመያዝ ዕድሉ ጠባብ ነው። ሞዲስ በየቀኑ ቢመጣም አንዱ ነጥቡ 500 ሜትር ነው፣ የተራራ ጫፍ አይበቃውም። ስለዚህ ከላይ ያለው መዝገብ ክፍተት አለው። ክፍተቱ ውስጥ ያለው ደግሞ የበየዳና የጃናሞራ ገበሬ ነው። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ሲከፍሉ የላይኛውን በቅዝቃዜው ነው የሰየሙት። ሁርኒም ጥናቱ ላይ "ውርጭ" የሚለውን ቃል እንዳለ ወስዶታል። የአስታ ዛፍ መብቀያ ወሰን ወደ ላይ ከፍ እያለ መምጣቱም በድሮ የአየር ፎቶና በሳተላይት ተረጋግጧል። ይህን ደግሞ እዚያ ያረጀ እረኛ ሳይነገረው ያውቀዋል።

"እሺ፣ ይሄ ሁሉ ለእኛ ለፎገራ ምናችን ነው?" የሚል አለ፣ አውቃለሁ።

ሂማላያ ሥር ላለ ገበሬ ግግር ጎተራው ነው። የክረምቱን ውኃ ከላይ አስቀምጦ በበጋ ይሰፍርለታል። የእኛ ጉና ግን ጎተራ የለውም። ውርጭ አለው፣ ግግር የለውም። ሐምሌና ነሐሴ የዘነበበትን በርብና በጉማራ አድርጎ ባንዴ ሜዳችን ላይ ይደፋዋል። ለዚያ ነው ነሐሴ ላይ ናበጋና ዋገጠራ ውኃ ውስጥ የሚቆሙት፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ያው ርብ በጫማ የሚሻገሩት የሚሆነው። የርብ ግድብ የተሠራው ያጣነውን ጎተራ ለመተካት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የ1998ቱን ጎርፍ የማያስታውስ የዚህ አገር ሰው የለም። ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ደምቢያን አዳርሷል።

ደመናን ሰብሮ የሚያይ ሳተላይትም አለ። ሴንቲኔል 1 ይባላል፣ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። የራሱን የራዳር ሞገድ ይልካል፣ ተመልሶ የመጣውን ይለካል። ሂማላያ ላይ የረጠበ አመዳይን ይለዩበታል። የረጋ ውኃ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንድ የነሐሴ ምስል በላፕቶፔ ለተማሪዎች አሳየሁ። ጣና ጥቁር ነው፣ ከጣና ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ሌላ ጥቁር አለ። ከናበጋ በኩል የሚመጣ አንድ ልጅ ተነስቶ ጣቱን ጥቁሩ ላይ አሳረፈና "ይሄ የኛ ነው፤ እዚህጋ ቤታችን፣ እዚህጋ ሩዛችን" አለ። ክፍሉ ዝም አለ። ለአመዳይ የተባለው ስሌት ወንድም በሆነ ስሌት ደግሞ እምቦጩን መለየት ይቻላል። ቅጠል የሚያንጸባርቀውን ኢንፍራሬድ ውኃ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ሐይቁ ላይ የተኛው አረም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጣና ከፍታም ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሰማይ እየተለካ ነው። የድሮው የፎገራ ከብት ግጦሽ እንዴት ሩዝ እንደሆነም ከ1970ዎቹ ምስሎች ጀምሮ ዓመት በዓመት ይታያል። የርብና የጉማራ ደለል ክረምት ላይ ጣና ውስጥ ቡናማ ምላስ ሆኖ ሲገባ ማየት ግን ያማል። ያ የማን አፈር ነው? የጉና፣ የፋርጣ፣ የእብናት ሰው ማሳ ነው።

አሁን ወደ ሥራ። ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ነገር ጀምረናል። ከበየዳ፣ ከጃናሞራ፣ ከደባርቅ፣ ከጉና አናት፣ ወይም ባሌ ሰነቴ አካባቢ የኖራችሁ፣ አመዳይ ወርዶ ያያችሁ ካላችሁ ከዚህ ሥር ጻፉልን። እንደ ላባ የሚወርደውን ማለቴ ነው፣ የሚደበድበውን አይደለም። የምንፈልገው ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የቦታውን ስም፣ ስንት ሰዓት መሬት ላይ እንደቆየ ነው። ቀኑን በበዓል የምታስታውሱት ከሆነም ይበቃል፣ "የጥምቀት ማግስት" ካላችሁ እኛ ቀኑን እናወጣዋለን። እናቶችንና አባቶችን ጠይቃችሁ ብትጽፉ ደግሞ የበለጠ። እኛ የዚያን ሳምንት ምስል ከመዝገቡ እናወጣና ጎን ለጎን እናስቀምጠዋለን። ፎቶ ያለው ፎቶውን ይላክ፣ ፎቶሾፕ ነው የሚለውን ለእኔ ተዉት።